የወንድሜ መርከብ ተራ

ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ሳምንት አለቃዬ ከወንበሬ አስነሥተው ወደ መንገድ ይዘውኝ ወረዱ። «ነይ፣ መርከብ ላሳይሽ» አሉኝ። ካዛንቺስ ላይ! ቢሯችን አራተኛ ፎቅ ነው፤ በመስኮቱ የሚታየው ክሬን፣ አዲስ አስፋልትና የፈረሰ ሰፈር ነው። ባሕር ማለት ለእኔ የጂኦግራፊ መምህር የነበረው አባዬ በሰማያዊ ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሲስለው ያየሁት ነገር ነበር።

ሴትዮዋ በዚያ ረጅም ተረከዝ ጫማቸው ከፎቁ ሥር ካለው ካፌ በር ተነሥተው ወደ ኡራኤል አቅጣጫ መራመድ ጀመሩ። እኔ ከኋላ ከኋላ። ሎተሪ አዟሪው ሳይቀር ዞሮ አየን። ባንኩን አለፍን፣ ፋርማሲውን አለፍን፣ የታክሲ ፌርማታውን አለፍን፤ አሁንስ ረስተውኝ ወደ ቤታቸው እየሄዱ ነው ብዬ ነበር። በመጨረሻ ቆሙና ወደ ኋላ ዞረው የተነሣንበትን ካፌ በጣታቸው አሳዩኝ። ከሰውና ከመኪናው መሀል ጃንጥላው ብቻ ነው የሚታየው።

«ያ ኋላዋ ነው። ይሄ የቆምንበት ፊቷ ነው። መሀሉ እንዳለ ስንዴ ነው» አሉ። «በይ አሁን ይህችን ነገር የምታቆሚበት ቦታ ፈልጊ። ሥራሽ ይሄ ነው።»

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እውነቱን ለመናገር እስከ ዛሬም በደንብ አልዘጋሁትም።

እኛ የመርከብ ወኪሎች ነን። የውጭ አገር መርከብ ስንዴ ወይም ማዳበሪያ ወይም ብረት ጭና ወደ ጅቡቲ ስትመጣ፣ ወደቡ ውስጥ ጠጋ ብላ የምትታሰርበትን ቦታ፣ በርዝ የምንለውን፣ የምንጠይቅላት፣ ተራ የምንይዝላትና የመቆሚያውን ክፍያ የምንጨርስላት እኛ ነን። ጅቡቲ ላይ የኛ ሰዎች አሉ፤ ባለ መርከቡ፣ ባለ ዕቃውና ስልኩ ግን የሚገናኙት ካዛንቺስ ላይ ነው። ቦታዎቹ ጥቂት ናቸው፤ መርከቦቹ ብዙ። የሞሉ ጊዜ የመጣችው ሁሉ ከወደቡ ውጭ ባሕሩ ላይ መልሕቋን ጥላ ተራዋን ትጠብቃለች።

አለቃዬ ይህን ሲያስረዱኝ፣ «ሜክሲኮን ታውቂያለሽ አይደል?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ሚኒባስ ተራውን ሳይጠብቅ ቢጭን ምን ይሆናል?»

«ተራ አስከባሪዎቹ ይደበድቡታላ።»

«በቃ፣ መርከብም እንደዚያው ነው። ዱላው በዶላር መሆኑ ነው እንጂ።»

በየማታው ወደ ቂርቆስ፣ ወደ ቤት ስገባ አባዬ ይጠብቀኛል። ጡረታ ወጥቷል፣ ግን መምህርነቱ አልወጣለትም፤ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «ዛሬስ ማን ቆመ?» ይለኛል። የቀይ ባሕርን ዳርቻ ለስንት ዘመን ተማሪ ሥሎ ሥሎ፣ አንዲት መርከብ ለመቆሚያ እንደምትከፍል አያውቅም ነበር። እንደ ርዝመቷና እንደቆየችበት ሰዓት እንደምትከፍል ስነግረው ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። ቦታ አጥታ ባሕር ላይ የምትጠብቀው ደግሞ የመርከቧ ኪራይ በየቀኑ ስለሚቆጥርባት ከቆመችው የበለጠ እንደምትከፍል ስጨምርለት ጉርሻውን ጨርሶ ወደ ትሪው መለሰው።

«እንዴ! ቆመሽ ትከፍያለሽ፣ መቆሚያ ስታጪ ደግሞ የበለጠ ትከፍያለሽ?»

«አዎ አባዬ።»

«ወይ ጉድ! እኔ እኮ ለተማሪዎቼ የወደቦችን ስም ብቻ ነው ያስተማርኳቸው። ዋናውን ነገር ትቼ!»

ታናሽ ወንድሜ ባሕርተኛ ነው። ባሕር ዳር ሠልጥኖ፣ በእንጂነርነት የባዕድ አገር መርከብ ላይ ተቀጥሮ፣ የሞተሩ ክፍል ውስጥ ይሠራል። እናም አባዬ ጎረቤት በሰማ ቁጥር «አንዱ ልጄ ይነዳታል፣ አንዷ ልጄ ታቆማታለች» እያለ ይኮራል። እኔን ሲያበሽቀኝ «ፓርኪንጓ» ይለኝ ነበር። ተናድጄ አላውቅም፤ ደስ ይለኝ ነበር።

አባዬ ድንገት ነው የሞተው። ልቡ ነው አሉን። ጠዋት ከቂርቆስ ተሳልሞ ተመለሰ፣ ጋዜጣውን ይዞ በረንዳው ላይ ተቀመጠ፣ ምሳ ደርሷል ብለን ስንጠራው አልሰማንም።

እናቴ መጀመሪያ የጮኸችው ለእሱ ነው። ቀጥላ የጮኸችው ግን በእኛ ላይ ነው። «ልጄ ውኃ ላይ ነው! በስልክ እንዳትነግሩት! የነገረው ሰው የኔ ሰው አይደለም!»

ማንም አልተከራከራትም። በኛ ቤት መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው አባቱ መሞቱን የሚሰማው ሊነጋጋ ሲል፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቃሉን አለዝቦ፣ ግራና ቀኝ የሚይዙት ሰዎች ተቀምጠው ነው። የአባዬ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ፣ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተነሥተው «ልጁ እንደመጣ እኔ እነግረዋለሁ። እስከዚያ ይህ ነገር በእኔ ላይ ነው» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኒያ ተጫዋች ሰውዬ ጎብጠው መሄድ ጀመሩ። የሚናገሩትን ቃል በሆዳቸው ሲያመላልሱ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያቸዋለሁ።

ያኔ ወንድሜ ያለባት መርከብ ከሩቅ አገር ስንዴ ጭና እየመጣች ነበር። ወኪሏ ደግሞ እኛ ነን። የእግዜር ሥራ ነው፤ ዓለም ላይ ስንት መርከብ አለ፣ ስንት ወኪል አለ፣ የወንድሜ መርከብ የመጣችው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ለሐዘን የተሰጠኝን ፈቃድ ሳልጨርስ ሥራ ገባሁ። ቤት ተቀምጬ ከማለቅስ ቦታ ብፈልግለት ይሻላል ብዬ።

መርከቧ ደረሰች፣ ቦታው ሁሉ ሞልቷል፣ ጅቡቲ ፊት ለፊት መልሕቋን ጣለች። ለየብስ ስለቀረበች የወንድሜ ስልክ ኔትወርክ ያገኝ ጀመር። እዚህ ላይ ነው መከራችን የጀመረው። ቀን እኔ ሥራ ነኝ፣ ስልኩን የምታነሣው እማዬ ናት።

አንድ ቅዳሜ አጠገቧ ሆኜ ሰማኋት። እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ «ሄሎ የኔ ጌታ!» አለች። እንዲያ ያለ የደስታ ድምፅ ከዚያች ከል ከለበሰች ሴትዮ ውስጥ ይወጣል ብሎ ማን ያምናል? «አባዬስ?» ሲላት «ቤተ ክርስቲያን ሄዷል፣ መቼ ቤቱ ይቀመጣል እሱ!» ብላ ሳቀች። ሳቀች! ስልኩን ስትዘጋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። በበነጋው የነፍስ አባቷ ጋ ሄዳ ለውሸቱ ንስሐ ገባች። ከሰዓት በኋላ ሲደውል ደግሞ «ተኝቷል» አለችው።

ፍርሃታችን አንድ ነው፤ ሌላ ሰው እንዳይቀድመን። ፌስቡክ የሚባል ሽማግሌ የማያውቅ መርዶ ነጋሪ አለ። ዘመድ ወዳጁን ሁሉ እየደወልን «የአባዬን ፎቶ እንዳትለጥፉ» ብለን ለመንን። ግን የስንቱን አፍ ዘግተን እንዘልቃለን? መርከቧ አንድ ቀን በዘገየች ቁጥር ወንድሜ ለብቻው፣ አንድ የአገሩ ሰው በሌለበት ብረት ላይ፣ ከማያውቀው ሰው ስልክ የአባቱን ሞት ሊሰማ ነው። እማዬ ደግሞ ለአርባው እንዲደርስላት ትፈልጋለች። ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው አንዲት ተራ ላይ ነው፤ ያቺን ተራ የምትከታተለው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን እማዬ «ያለበትን አሳዪኝ» ብላ ቢሮ መጣች። ወኪሎች ኮምፒውተር ላይ የመርከቦችን ቦታ የምናይበት ካርታ አለ፤ እያንዳንዷ መርከብ ትንሽ ባለ ቀለም ቀስት ናት። ወንበሬን ለቀቅኩላት፣ ባሕሩን አቀረብኩላት። ከወደቡ ፊት ቀስቶቹ ተበታትነው ቆመዋል። «ይቺ ናት» አልኳት። እማዬ መነጽሯን አደረገች። ብዙ አየች። ከዚያ በጣቷ መስታወቱን ነካ አደረገችና አማተበች፣ በልጅነት ቋንቋዋ በትግርኛ መረቀችው።

«ሌሎቹ ምንድን ናቸው?» አለችኝ።

«እነሱም ተራ የሚጠብቁ ናቸው። እያንዳንዷ ከዚህ እስከ ኡራኤል መታጠፊያ ታክላለች።»

እማዬ ወደ መስታወቱ ጠጋ አለች። ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ እህል፣ ያ ሁሉ የሰው ልጅ ባሕር ላይ ቆሞ ተራ ሲጠብቅ በአንድ ጊዜ ታያት መሰለኝ። እኔ በየቀኑ እያየሁት የለመድኩት ነገር በእሷ ዓይን እንደ አዲስ አየሁት። ጣቷን ቀስቷ ዙሪያ ባለው ባዶ ሰማያዊ ላይ አዞረችው።

«እዚህ ላይ የሚይዘው ሰው የለም» አለች። ቦርሳዋን ይዛ ሄደች።

በዚያው ሳምንት ካፒቴኑ ደወለ። ካፒቴን በየቀኑ ይደውላል፤ «በርዝ አለ?» ይላል፣ «የለም» እላለሁ፣ ያመሰግናል፣ ይዘጋል። የየት አገር ሰው እንደሆነ አላውቅም፤ እንግሊዝኛው እንደኔው የተሰባበረ ነው። ያን ቀን ግን «የለም» ስለው አልዘጋም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለኝ። «የሞተር ክፍል ውስጥ የአገርሽ ሰው አለኝ። ጎበዝ ልጅ ነው። አባቱ ሞቶበታል።»

እጄ ላይ የያዝኩትን እስኪሪብቶ አስቀመጥኩት። እህቱ መሆኔን አያውቅም። እንዴት ያውቃል? እኔ ለእሱ ካዛንቺስ ውስጥ ያለሁ አንድ ድምፅ ነኝ።

«እንዴት ሰማ?» አልኩት።

«አንድ ጓደኛው ስልኩ ላይ የሐዘን መልእክት ጻፈለት። ወደ እኔ ክፍል መጥቶ ነገረኝ፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፣ ከዚያ ፊቱን ታጥቦ ወደ ሥራው ወረደ። ቤተሰቦችህ ጋ ደውል፣ የኔን ስልክ ውሰድ አልኩት። እምቢ አለ። በኛ አገር የሞት ወሬ የሚነገርበት ሥርዓት አለው አለኝ። ቤተሰቦቼ እቤት እስክደርስ ብለው ደብቀውኛል፣ እናቴ በየቀኑ እየዋሸችኝ ነው፣ የደከመችበትን ነገር ላፈርስባት አልፈልግም አለኝ። ገብቶኛል አልልሽም። ግን እንዲህ ያለ ልጅ አይቼ አላውቅም። ምንም አልጠየቀኝም። እኔ ነኝ የምጠይቅሽ፤ ቦታ ካለ...»

«እሺ ካፒቴን፣ የተቻለኝን አደርጋለሁ» አልኩ።

«ስለ አገርሽ ልጅ አዝናለሁ።»

«አመሰግናለሁ» አልኩት። ስልኩ ተዘጋ።

የአባቴን ሞት ከባሕር ላይ በባዕድ አንደበት እንደ አዲስ ተረዳሁ። ያ ጫማውን ያለቦታው የሚጥል፣ ጧት ሦስቴ ካልተጠራ የማይነሣ ወንድሜ፣ ሐዘኑን ይዞ፣ ውጦ፣ እናቱ ስትስቅለት መልሶ እየሳቀ ነው ለካ። ይህን ለማን እናገራለሁ? ለእማዬ ብነግራት ስንት ቀን ያን ሳቅ የሳቀችው ለከንቱ ሊሆን ነው። ለአጎቴ ብነግራቸው ያን ሁሉ ቀን የተሸከሙት ቃል እጃቸው ላይ ሊቀር ነው። ዝም አልኩ። ዝም ማለት እንዴት እንደሚከብድ ያኔ ነው ያወቅኩት።

ከኛ በፊት ተራ የያዘችው ብረት የጫነች መርከብ ናት። ወኪሏ ወደ ባምቢስ በኩል ቢሮ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ በዚህ ሥራ ያረጁ፣ ግትር፣ «ተራ ተራ ነው» የሚሉ። ብረቱን የሚጭኑት ከባድ መኪናዎች ገና እንዳልተዘጋጁ ሁላችንም እናውቃለን። ቦታውን ብታገኝም የምታራግፍበት አጥታ ለመቆሚያ ብቻ እየከፈለች ነው የምትገተረው። አለቃዬ ይህን ብለው ተራ እንዲለዋወጡ ሲጠይቋቸው «የኔ መርከብ ባዶ ሜዳ ላይም ብትሆን ተራዋን አትለቅም» ብለው ስልክ ዘግተውባቸዋል። የቆየ ቂም አላቸው፤ የቀድሞ ነገር ነው፣ ማንም በትክክል አያስታውሰውም።

ለአለቃዬ ሳልናገር ሄድኩ። ሽማግሌው ጠረጴዛቸው ላይ ዳቦ እየበሉ ነበር። አባዬ ሲሞት ድንኳናችን መጥተው ተቀምጠዋል፤ የመርከብ ሰዎች ሁሉ መጥተው ነበር፣ ጥግ ላይ ተሰብስበው በሹክሹክታ ስለ በርዝ ሲያወሩ ነው ያመሹት።

«ነይ ግቢ፣ እንዴት ከረማችሁ? እናትሽስ እንዴት ሆነች?» አሉኝ።

«ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጋሼ፣ ላስቸግርዎ ነው የመጣሁት።»

«ስለ መርከቧ ከሆነ ለአለቃሽ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ስለ ወንድሜ ነው።»

«ወንድምሽ? ለቅሶው ላይ ስጠይቅ ውጭ አገር ነው አሉኝ እኮ።»

«ውጭ አገር አይደለም ጋሼ። ከእርስዎ መርከብ ኋላ ተሰልፎ ነው ያለው።»

ዳቦውን አስቀመጡ። አፋቸውን ጠረጉ። ምን እንደሚሉ ጠፍቶኝ እጄን ሳፋትግ እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«መርዶውስ?»

«ቤት ሲገባ ነው የሚነገረው።»

«ደግ አደረጋችሁ። ውኃ ላይ አይነገርም።»

ያን ጊዜ ፊቴን ቢያዩት ወንድሜ ውኃ ላይ እንዳለ መስማቱ ይገባቸው ነበር፤ ወደ መስኮቱ እንደዞሩ ናቸው። ስልካቸውን አንሥተው ለመርከባቸው ባለቤት፣ ለአንድ ባሕር ማዶ ላለ ሰውዬ፣ ደወሉለት። ከዚያ በኩል ጩኸት ይሰማኛል። ሽማግሌው በረጋ እንግሊዝኛ፣ መኪና ሳይደርስ መርከቧን ብናስገባ ለቆመችበት እየከፈልን የወደብ ሐውልት ነው የምናደርጋት አሉት። ሰውዬው ተከራከረ። እሳቸው ድምፃቸውን አላነሡም። በመጨረሻ «ሌላም ምክንያት አለኝ፣ ብነግርህ አይገባህም። አምነኸኝ ሠርተህ ታውቃለህ፣ አሁንም እመነኝ» ብለው ዘጉት።

እኔ ተነሥቼ ጉልበታቸውን ልስም ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። «ለአለቃሽ ንገሪያቸው፣ ለሳቸው ብዬ እንዳልሆነ። እንዳይለምድባቸው!» አሉኝ። ሁለት ግዙፍ መርከቦች፣ አንዷ ብረት አንዷ ስንዴ የጫኑ፣ ባምቢስ ላይ በአንድ ግማሽ ዳቦና በአንድ ስልክ ቦታ ተቀያየሩ። ለለቅሶ ተብሎ። ይህን የሰማ የሌላ አገር ሰው ያምነኛል? እኔ ራሴ ታክሲ ውስጥ ገብቼ ነው ያመንኩት።

መርከቧ የገባች ቀን ጅቡቲ ካለው ባልደረባችን ጋር ስልክ ላይ ነበርኩ። እሱ ለምዶታል፣ እያዛጋ ነው የሚነግረኝ። መርከቧን ወደ ውስጥ የሚያስገባት የወደቡ መሪ በገመድ መሰላል ወጣ። ጎታች ጀልባዎቹ ከኋላና ከፊት ያዟት። ዞረች። እየቀረበች ነው።

«ስልኩን ወደሷ አዙርልኝ» አልኩት።

«ምን ይሠራልሻል?»

«አዙርልኝ በቃ!»

መጀመሪያ ነፋስ ብቻ ሰማሁ። ቀጥሎ የሰዎች ጩኸት፣ የሰንሰለት ድምፅ፣ ከዚያ መለከቷ ጮኸ። ከሆድ የሚነሣ፣ ረጅም፣ ወፍራም ድምፅ፤ ጆሮዬን አልፎ ደረቴ ውስጥ ገባ። ያን ያህል መንገድ የሚሞላው ብረት እየተንፏቀቀ ወደ ግድግዳው ሲጠጋ፣ ሰዎች ክንድ የሚያካክሉ ገመዶችን ወርውረው ሲይዟት፣ እኔ ካዛንቺስ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ አየሁት። ወንድሜ ከታች፣ ከውኃው ወለል በታች፣ ሞተሩ ጋ ነው። የሚገባበትን ወደብ እንኳ አያይም።

«ታሰረች» አለ ባልደረባዬ።

ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። አለቃዬ አባቴን አስቤ መስሏቸው ሶፍት አምጥተው ትከሻዬን ዳበሱኝ። ልክ ናቸው፤ እሱንም አስቤው ነበር።

ካፒቴኑ ፈቃድ ሰጥቶት በማግሥቱ ማታ በአውሮፕላን መጣ፤ ኤርፖርት ተቀበልኩት። ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፣ ከስቷል። አንገቴ ሥር ገብቶ ብዙ ቆየ። መርዶው ሳይነገረው አላለቅስም ብዬ ምዬ ነበርና አላለቀስኩም።

«እማዬስ?»

«ደህና ናት። ቤታችን ቀለም እየተቀባ ስለሆነ አንተ ዛሬ አጎታችን ቤት ነው የምታድረው፣ ሜክሲኮ።»

«ቀለም?» አለና አየኝ። «ምን ዓይነት ቀለም?»

ይህን አልተዘጋጀሁበትም። «ነጭ» አልኩት።

«ጥሩ ነው። ነጭ ያምርበታል» አለ። መኪና ውስጥ ስለ አየሩ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ አዲሶቹ መብራቶች እያነሣ አወራኝ። እያወቀ ውሸቴን ተቀበለኝ፤ እኔም ማወቁን እያወቅኩ ዋሸሁት። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ የወደድኩት ጊዜ የለም።

ሊነጋጋ ሲል ገቡ። አጎቴ፣ የእማዬ የነፍስ አባት፣ የዕድር ሽማግሌዎች፣ ጎረቤቶች። እማዬ የከል ልብሷን በነጭ ጋቢ ሸፍና መጨረሻ ላይ ገባችና በሩ ሥር ተቀመጠች። ወንድሜ ፍራሹ ላይ ቀና ብሎ ተቀምጧል። ሁለት ወንዶች ግራና ቀኝ ተጠጉት። እሱ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወደ አጎቴ አየ፤ ሳያቋርጥ፣ ሳያንቀሳቅስ፣ የሚነገረውን ሁሉ ለመቀበል የተዘጋጀ ሰው ሆኖ።

አጎቴ ጀመሩ። ሰው ሁሉ መንገደኛ መሆኑን፣ አደራ ሰጪ አደራውን እንደሚወስድ፣ የአባታችንን ደግነት፣ ሞቱ እንዴት ያለ ሥቃይ የሌለበት እንደነበር። ያን ሁሉ ቀን በሆዳቸው ያመላለሱትን ቃል አንድም ሳያስቀሩ አወጡት። ድምፃቸው ሁለቴ ተቆረጠ፣ ወንድሜ ሁለቴም በትዕግሥት ጠበቃቸው። ሲጨርሱ «አባዬ!» ብሎ አንገቱን ደፋ። እንደ ወጉ አለቀሰ፤ ያልሰማ ሰው ሲሰማ እንደሚያለቅሰው። የያዙት ሰዎች «አይዞህ፣ አይዞህ» አሉት። አጎቴ ግድግዳውን ተደግፈው በረጅሙ ተነፈሱ፤ ከቀብሩ ወዲህ ትከሻቸው ቀና ሲል ያየሁት ያኔ ነው። እኔ እዚያ ጥግ ሆኜ የማየው ነገር አስፈራኝ። እንዲህ ያለ ፍቅር ሰው ልብ ውስጥ እንዴት ይገባል?

ጥቂት ቆይቶ ፊቱን ጠረገና አዲስ መርዶ የሰማ ሰው የሚጠይቀውን ጠየቀ።

«መቼ?» አለ።

አጎቴ ሊመልሱለት አፋቸውን ሲከፍቱ እማዬ ከበሩ ሥር ተነሣች። ሽማግሌ ሲናገር እናት አትናገርም፤ ሁሉም ዞሮ አያት። ሄዳ ፊቱ ተንበረከከችና አገጩን ቀና አደረገችው።

«ይብቃህ ልጄ» አለችው። «አባትህን በስልክ መጠየቅ የተውክ ቀን እኮ እንደሰማህ አውቄያለሁ። ችለህ ስለጠበቅከኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ወንድሜ በእውነት ያለቀሰው ያኔ ነው። ለሁለት ይዘውት የነበሩት ሰዎች አልቻሉትም፤ አጎቴና እኔም ተጨምረን ያዝነው።